ደሙ እንደ ማጭድ የሚታጠፍ ሕፃን፥ ትኩሳቱና የቤት ንጽሕና



በጨፋ ሸለቆ ልጅ ሲያተኩስ መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው ቃል የታወቀ ነው፤ በአማርኛ ወባ፥ በኦሮምኛ ቡሳ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ቦርከና በሜዳው ላይ ተኝቶ ረግረግ በሚሠራበት አገር፥ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የወባ ትንኝ ይፈላል፤ እስከ ኅዳርና እስከ ታኅሣሥም ብዙ ሰው ይታመማል። ስለዚህ ትኩሳት ባየን ጊዜ ወባን መጠርጠራችን ትክክል ነው።

ነገር ግን ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። ደግሞም ትኩሳቱ እስከ ነገ ጧት ሊጠበቅ የማይገባ አንድ ዓይነት ሕፃን አለ። ይህ ሕፃን ከእናትና ከአባቱ በዘር በወረደ የደም ሕመም ምክንያት፥ ተሕዋስያንን የሚከላከልበት የሰውነቱ ኀይል የደከመ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንነግራችሁ ስለዚህ ሕፃን ነው፤ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ፥ የመከላከል ኀይሉ ስለምን እንደ ደከመ፥ ትኩሳት ሲይዘው ምን እንደሚደረግ፥ በቤት ውስጥም ንጽሕናው እንዴት እንደሚጠበቅለት።

1ኛ፤ ሕመሙ ምንድን ነው?

ደም ቀይ የሚሆነው በውስጡ ባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ነው። እነዚህም ቀይ የደም ሕዋሳት ይባላሉ። በዐይን አይታዩም፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ክብ፥ መካከላቸውም እንደ ትንሽ ሳሕን ጎድጎድ ያለ ነው። ሥራቸው ከሳንባ ንጹሕ አየር ተሸክመው ለመላው ሰውነት ማደል ነው። ለስላሶች ስለ ሆኑ በጠባቡ የደም ሥር ሁሉ ተጣጥፈው ያልፋሉ፤ ዕድሜያቸውም እስከ 120 ቀን ይደርሳል።

በአንዳንድ ሕፃን ግን የደሙ ቅንጣት የተሸከመውን አየር ካደለ በኋላ ይደርቅና ይቆለመማል። ማሽላና ጤፍ የምናጭድበትን ማጭድ አስቡ፤ ቅርጹ እንደዚያ ነው። በ1910 በአውሮፓ አቆጣጠር ጄምስ ሄሪክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፥ በቺካጎ ከተማ፥ ከግሬናዳ ደሴት በመጣ አንድ ተማሪ ደም ውስጥ ይህን ቅርጽ አይቶ ጻፈ። ሐኪሞችም ሕመሙን በማጭድ ስም «ሲክል ሴል» ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የማጭድ ደም» እንለዋለን።

የታጠፈው ቅንጣት ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፥ ቶሎ ይሰበራል፤ 120 ቀን መኖር ሲገባው ከ10 እስከ 20 ቀን ብቻ ይኖራል። ስለዚህ ልጁ ደም ያንሰዋል፤ ከንፈሩና መዳፉ ይነጣል፥ ዐይኑም ቢጫ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ቀጭኑን የደም ሥር ይዘጋሉ። የመስኖ ቦይ በጭራሮ ሲዘጋ ከበታች ያለው ማሳ ይደርቃል። እንዲሁም ደም ያልደረሰው የሰውነት ክፍል ያማል፤ መዘጋቱ ሲደጋገምም ያ ክፍል ይሞታል።

2ኛ፤ የሰውነት ዘበኛ ስለምን ይጠፋል?

ጣፊያን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በግራ በኩል ከጎን አጥንት ሥር ተሸሽጎ የሚኖር፥ ወባ ሲደጋገም የሚያብጠው ነው። ብዙ ሰው «ጣፊያ አለበት» ሲል ጣፊያ የሕመም ስም ይመስለዋል። ጣፊያ ግን ሕመም አይደለም፤ እያንዳንዳችን ይዘነው የተወለድን የሰውነት ዘበኛ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ደም በጣፊያ ውስጥ ሲያልፍ ዱቄት በወንፊት እንደሚነፋ ይጣራል። ያረጀው ቅንጣት እዚያ ይቀራል። ከዚህ በላይ ግን ወደ ደም ሾልከው የገቡ ተሕዋስያን እዚያ ይያዛሉ። ሳንባ ምችንና ማጅራት ገትርን ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዱ፥ ኒሞኮከስ የሚባለው፥ በላዩ ላይ እንደ ካፖርት ያለ ሽፋን የለበሰ ነው። ሌሎቹ የሰውነት ጠባቂዎች ሊይዙት ሲሞክሩ ያዳልጣቸዋል። ጣፊያ ግን ይይዘዋል፤ ይህን ጠላት ለይቶ የሚያስታውቅ ፀረ ተሕዋስያን ንጥረ ነገርም ይሠራል።

እንግዲህ በማጭድ ደም ሕፃን ሰውነት ውስጥ ቶሎ ከሚጎዱት ሁሉ አንዱ ይህ ወንፊት ነው። በጣፊያ ውስጥ ያሉት መንገዶች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ፥ የቆለመመው ቅንጣት እዚያ ይወተፋል። ጣፊያውም በራሱ ደም ማጣት ጥቂት በጥቂት ይሞታል። ነገሩ የሚጀምረው ከ6ኛው ወር ገደማ ነው፤ ልጁ 5 ዓመት ሳይሞላው በብዙዎቹ ዘንድ ጣፊያ ሥራውን አቁሟል።

ከ6 ወር በፊት ልጁ ደኅና የሚመስለው፥ በማኅፀን ሳለ የነበረው ዓይነት ደም ገና ስላላለቀ ነው። ያ ደም አይታጠፍም። ሲያልቅ ግን ሕመሙ ይገለጣል። ስለዚህ «እስከ አሁን እንደ ሎሚ ያበበ ልጅ ነበር፥ ሰው ዐይን ገባ፥ ቡዳ በላው» የሚባለው ልክ አይደለም። ሕመሙ ከመጀመሪያውም በደሙ ውስጥ ነበረ፤ ጊዜው ሲደርስ ታየ እንጂ።

ዘበኛ በሌለው ቤት ሌባ ሲገባ የሚጮኽ የለም። በእንዲህ ያለ ልጅ ደም ውስጥ አንድ ተሕዋስ ሲገባ ይራባል፤ በሰዓቶች ውስጥ መላውን ደም ይሞላል። ጧት ማተኮስ የጀመረ ልጅ በዚያው ሌሊት ሊሞት ይችላል። ይህን የምንጽፈው ልናስፈራራችሁ አይደለም፤ ቶሎ ከተደረሰበት መድኀኒት ስላለው ነው።

3ኛ፤ ከየት ይመጣል? ተላላፊስ ነውን?

ተላላፊ አይደለም። አብሮ በመብላት፥ አብሮ በመተኛት፥ ጡት በማጥባት አይተላለፍም። ከሌሎች ልጆች ጋር ይጫወት፥ ትምህርት ቤትም ይሂድ።

የሚመጣው በዘር ነው። ሰው ሁሉ ለደሙ ሁለት ዘር ይወርሳል፤ አንዱን ከእናቱ፥ አንዱን ከአባቱ። አንዱ ደኅና፥ አንዱ የማጭድ ከሆነ ያ ሰው አይታመምም፤ ተሸካሚ ይባላል፤ ያርሳል፥ ይነግዳል፥ ምንም አያውቅም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን፥ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕጣው እንዲህ ነው፦ ከ4 አንድ እጅ ልጁ ታማሚ ይሆናል፤ ከ4 ሁለት እጅ እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ ይሆናል፤ ከ4 አንድ እጅ ፈጽሞ ነጻ ይሆናል። ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጣላል። «አንዱ ታሞብኛልና የሚቀጥሉት ሦስቱ ደኅና ይሆናሉ» ማለት አይቻልም።

ከዚህ የምትረዱት ትልቅ ነገር አለ። ልጁ የታመመው ከእናቱም ከአባቱም እኩል ወርሶ ነው። ስለዚህ ባል ሚስቱን «በሽታው ከእናንተ ቤት ነው» ብሎ ሊወቅስ አይገባም፤ አማትም ምራቷን አትወቅስ። በዚህ ምክንያት ትዳር ቢፈርስ ልጁ የሚያስታምመውን ሰው ያጣል እንጂ ደሙ አይድንም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጎጂ ዘር በዓለም ላይ እንዴት በዛ? አንቶኒ አሊሰን የተባለ ሐኪም በ1954 በአውሮፓ አቆጣጠር በምሥራቅ አፍሪካ መርምሮ ምክንያቱን ጻፈ። ተሸካሚ የሆነ ልጅ ወባ ቢይዘውም ብርቱው ወባ እንደ ሌላው ልጅ አይገድለውም። ስለዚህ ወባ በበዛበት ቆላ ሁሉ ይህ ዘር ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖረ። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ከወባ የሚጠበቀው ተሸካሚው ነው። ሁለቱንም የማጭድ ዘር የወረሰው ታማሚ ልጅ ከወባ አይጠበቅም፤ ያለው ጥቂት ደም በወባ ሲሰበርበት ከሌላው ልጅ ይልቅ ይጎዳል።

በአገራችን የማጭድ ደም ይበልጥ የሚታየው በምዕራብ ቆላዎች፥ በጋምቤላና በቤንሻንጉል በኩል ነው። በጨፋ እንደ ወባ የተለመደ ሕመም አይደለም። ይሁን እንጂ ደም ከሰው ጋር ይጓዛል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ብዙ ቤተሰብ ወደ ጋምቤላ፥ ወደ አሶሳና ወደ መተከል ሰፍሯል፤ በኋላም የተመለሰ አለ። ዛሬም ጎልማሶቻችን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ። ሰው በሄደበት ይጋባል፥ ይወልዳል። ስለዚህ ሕመሙ ጥቂት ነው ብለን አንተወውም። ጥቂት የሆነ ሕመም ክፋቱ የሚያውቀው ሰው ማጣቱ ነው፤ ልጁ በየጊዜው «ወባ ነው» እየተባለ ሲመላለስ ይኖርና አንድ ቀን ሳይደረስለት ይቀራል።

4ኛ፤ የሚጠረጠርበት ምልክት

ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለ ሕፃን ላይ የሚከተለውን ብታዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩ፦

ሀ) ሁለት እጁ ወይም ሁለት እግሩ ሳይወድቅና ሳይመታ በድንገት አብጦ ሲያለቅስ፤ ጣቶቹ ሲያብጡና ሲነኩ ሲያሙት።

ለ) የዐይኑ ነጭ ቢጫ ሲሆን፥ መዳፉና ምላሱ ሲነጣ፥ ይህም እየዳነ ሲመላለስበት።

ሐ) አጥንቱን፥ ወገቡን ወይም ሆዱን በየጊዜው እየቆረጠመ ሲያሠቃየው።

መ) ሳንባ ምች ወይም ብርቱ ትኩሳት ሲደጋገምበት።

ሠ) ከእናቱ ልጆች መካከል እንዲሁ እየሆነ የሞተ ካለ።

ደም ማነስና ያበጠ ጣፊያ የታየበት ልጅ ሁሉ የማጭድ ደም አለበት ማለት እንዳልሆነ ዕወቁ። በሸለቋችን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ወባ፥ የአንጀት ትል ወይም የምግብ ማነስ ነው። የሚለየው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው ከጠረጠረ ወደ ከሚሴ ሆስፒታል፥ ካስፈለገም ወደ ደሴ ይልከዋል። ተመርምሮ ከታወቀ በኋላ የሕመሙ ስም በካርድ ላይ ይጻፍላችሁ። ካርዱን ከክትባት ካርዱ ጋር በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ የትም ስትሄዱም ያዙት።

5ኛ፤ ትኩሳት ሲይዘው ምን ይደረግ?

ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ብትሆኑ ይህን ያዙ፤ የማጭድ ደም ያለበት ልጅ ሲያተኩስ በዚያችው ሰዓት ተነሥታችሁ ሂዱ።

የሙቀት መለኪያ ያላችሁ፥ 38 ተኩል ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ አትጠብቁ። መለኪያ የሌላችሁ፥ የእጃችሁን ጀርባ በልጁ ሆድና አንገት ላይ አድርጉ፤ ከወትሮው ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ያው ነው። መለኪያ ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት አትዙሩ።

«ዛሬ ላብ ቢያወጣው ይሻለዋል» አትበሉ። «እሑድ ለሰንበቴ ገበያ ስንወጣ፥ ሰኞ ለባቲ ገበያ ስንሄድ እግረ መንገዳችንን እናሳየዋለን» አትበሉ። አባቱ ከከብት ጋር ጨፋው ሜዳ ቢሆን፥ እስኪመለስ አትጠብቁ፤ እናት፥ አያት ወይም ጎረቤት ይዛው ትሂድ። ዱዓ ይደረግ፥ ወዳጃም ይቀመጥ፤ እኛ ይህን አንከለክልም። ነገር ግን ልጁ በመንገድ ላይ ሳለ ሽማግሎቹ በቤት ዱዓ ያድርጉለት እንጂ፥ ወዳጃው እስኪፈጸም ልጁ በቤት አይቆይ።

ጤና ኬላው ቅርብ ከሆነ መጀመሪያ ወደዚያ ሂዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቱን ወግታ ወባን ትመረምራለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ምርመራው ወባ ቢያሳይ «በቃ፥ ምክንያቱ ታወቀ» ይባልና የወባ ክኒን ብቻ ተይዞ ወደ ቤት ይመለሳል። በዚህ ልጅ ግን ወባም ተሕዋስም በአንድነት ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ወባ ቢገኝበትም ባይገኝበትም እንዲህ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ልጄ የማጭድ ደም አለበት፤ ሲክል ሴል ነው ተብሏል፤ ጣፊያው አይሠራም፤ ይኸው ካርዱ።» እሷም ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ትልካችኋለች። እዚያ ተሕዋስያንን የሚገድል ብርቱ መርፌ ይጀመርለታል። መናገር አታፍሩ። ባለሙያው ልጁን ዛሬ ገና ያየው ይሆናል፤ እናት ካልነገረችው አያውቅም።

በመንገድ ላይ ጡቱን ወይም ንጹሕ ውሃ ጥቂት በጥቂት ስጡት። በብርድ ልብስ ደራርባችሁ አትጠቅልሉት፤ በቀዝቃዛ ውሃም አትንከሩት፤ ብርድ ደሙን ይበልጥ ያጥፈዋልና።

ከትኩሳት ሌላ ደግሞ፥ ከሚከተሉት አንዱ ቢታይ በዚያው ሰዓት ውሰዱት፦ ሲተነፍስ ጎኑ ቢሰረጉድ ወይም ደረቱን ቢያመው፤ አንገቱ ቢገተር፤ ቢያንቀጠቅጠው፤ አልነቃ ቢል፤ አንድ ወገኑ ቢዝል ወይም አፉ ቢጣመም፤ የጠጣውን ሁሉ ቢያስመልሰው፤ በድንገትም እንደ አመድ ቢነጣ።

ስለ ድንገተኛ መንጣት አንድ ነገር እንጨምር። ጣፊያው ፈጽሞ ሳይሞት በፊት፥ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ደም በውስጡ ይታቆርና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያብጣል። የወባ ጣፊያ የሚያብጠው ቀስ እያለ ነው፤ ይህ ግን ጧት ያልነበረ ከቀትር በኋላ ይገኛል። ስለዚህ ልጁ በጀርባው ተኝቶ ሳለ፥ በግራ የጎን አጥንቱ ሥር በጣቶቻችሁ ቀስ አድርጋችሁ መዳሰስን ከጤና ባለሙያ ተማሩ። በየዕለቱ ስታጥቡት ዳስሱት። ከትናንቱ ይልቅ ወርዶ ካገኛችሁት፥ ልጁም ከነጣ፥ ደም ሊሰጠው ያስፈልጋልና ወደ ሆስፒታል ገሥግሡ።

6ኛ፤ ክትባትና ፔኒሲሊን

የሞተው ጣፊያ አይመለስም። ነገር ግን በምትኩ የሚቆሙ ሁለት ጠባቂዎች አሉ።

የመጀመሪያው ክትባት ነው። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. በአንድ መርፌ አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት፥ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኒሞኮከስ ክትባት ለሕፃናት ሁሉ መሰጠት ጀመረ። ሁለቱም በነጻ ናቸው፤ በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣሉ። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወርና በ15ኛው ወር ይከተላል። ለማንኛውም ልጅ ይህ መልካም ነው፤ ለማጭድ ደም ልጅ ግን ግዴታ ነው። ሳምንቱ ሲደርስ በሬ ቢጠፋም፥ ሰርግ ቢኖርም አይታለፍ። ታዲያ ተከትቧል ብላችሁ በትኩሳት ጊዜ አትዘናጉ። የኒሞኮከስ ተሕዋስ ከ90 በላይ ዓይነት አለው፤ ክትባቱ የሚከላከለው ከእነዚህ ጥቂቶቹን፥ ዋና ዋናዎቹን ነው።

ሁለተኛው ጠባቂ ፔኒሲሊን ነው። የማጭድ ደም እንዳለበት ለታወቀ ሕፃን ሐኪም በቀን 2 ጊዜ፥ ጧትና ማታ፥ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ያዝለታል፤ ቢያንስ 5 ዓመት እስኪሞላው ይወስዳል። «ልጄ ደኅና ሳለ መድኀኒት ለምን ይውጣል?» የምትል እናት ትኖራለች። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም በ1986 በአውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ የታተመ ጥናት ይሰጠናል። ፔኒሲሊን ካልተሰጣቸው 110 ሕፃናት መካከል 13ቱን ብርቱ የደም መመረዝ ያዛቸው፤ 3ቱም ሞቱ። ፔኒሲሊን በየቀኑ ከወሰዱት 105 ሕፃናት ግን የታመሙት 2 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም የሞተ የለም። ልዩነቱ ጎልቶ ስለ ታየ ጥናቱ ከቀኑ በፊት ቆሞ ለሁሉም መድኀኒቱ እንዲሰጥ ተደረገ።

ፔኒሲሊኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሄዳችሁ ጨምራችሁ አምጡ። ለታላቅ ወንድሙ ወይም ለጎረቤት አታካፍሉ። ከዚህ ሌላ ሐኪሙ ደም ለመተካት የሚረዳ ፎሊክ አሲድ፥ ለአንዳንዶችም ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባል መድኀኒት ያዝዝ ይሆናል። እነዚህን ከገበያ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ። የብረት ክኒንም ቢሆን ሳይመረመር አይሰጠው።

7ኛ፤ የቤት ንጽሕና፤ ዘበኛው እናት ናት

ጣፊያ የተወውን ሥራ ቤቱ ሊሠራ ይገባል። ጠላቱ ከደም ከገባ በኋላ ከመሯሯጥ፥ ከደጅ መመለስ ይቀላል።

እጅ። እጅ በሳሙና፥ ሳሙና ቢጠፋ በንጹሕ አመድ ይታጠብ። ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፥ የሕፃን ሰገራ ካነሡ በኋላ፥ ከብትና ዶሮ ከነኩ በኋላ፥ ምግብ ከመሥራትና ልጁን ከማጉረስ በፊት። ልጁን የሚያቅፉ እንግዶችም ሳይቀሩ ይታጠቡ። ይህ ነውር አይደለም፤ ቡና ሲፈላ ሲኒ አጥበን የምናቀርበው ለክብር እንደ ሆነ ሁሉ፥ እጅ መታጠብም ለልጁ ክብር ነው።

ውሃ። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል የከተማ ፍሳሽ እየተቀበለ ወደ እኛ የሚወርድ ወንዝ ነው። በበጋ ከየአቅጣጫው የሚመጣ የከብት መንጋም ከረግረጉ ይጠጣል፥ ይራመድበታልም። ስለዚህ የወንዝና የረግረግ ውሃ ጥሬውን ለልጁ አይሰጥ። ከቧንቧ ወይም ከተጠበቀ ምንጭ ቅዱ፤ ካልተገኘ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፥ ወይም ውሃ አጋር ጨምራችሁ በመመሪያው መሠረት አቆዩ። ጀሪካኑ ክዳን ይኑረው፤ እንስራ ከሆነ በረጅም እጀታ ማንቆርቆሪያ ወይም ጭልፋ ይቀዳ እንጂ ኩባያ ከነእጅ አይነከርበት። ይህ ልጅ ውሃ እንዳያጥረው ደግሞ ተጠንቀቁ። በቆላችን ሙቀት ሰውነቱ ሲደርቅ ደሙ ይወፍርና ቅንጣቶቹ ይተሳሰራሉ፤ ቁርጥማቱም ይነሣል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ በአጠገቡ ይኑር፤ ወደ እርሻም፥ ወደ ገበያም ስትወጡ ያዙለት።

ወተት፥ ሥጋና ዕንቁላል። ሳልሞኔላ የሚባል የአንጀት ተሕዋስ አለ። ሌላው ሰው ላይ ተቅማጥ አስከትሎ የሚያልፈው፥ በማጭድ ደም ልጅ ላይ ከአንጀት ወደ ደም ይሻገርና በአጥንት ውስጥ ይመሽጋል፤ አጥንቱንም ያመግላል። የሚኖረው በጥሬ ወተት፥ በጥሬ ሥጋ፥ በዶሮና በዕንቁላል ላይ ነው። ስለዚህ የላምም ሆነ የፍየል ወይም የግመል ወተት ሳይፈላ አይጠጣ። ዕንቁላል አስኳሉ እስኪጠነክር ይቀቀል። ጥሬ ሥጋ ለእሱ አይቀመስ። ዶሮ የተበለተበት ቢላና መክተፊያ ሳይታጠብ ሌላ ምግብ አይከተፍበት። ያደረ ገንፎና አጥሚት በቆላ ሙቀት ይበላሻል፤ ለልጁ በየጊዜው ትኩስ ይሠራለት። እስከ 6 ወር ግን ከእናት ጡት በቀር ምንም አይሻውም።

ከብትና ዶሮ። ዶሮና ፍየል ልጁ ከሚተኛበት ክፍል ይለዩ። ጥቂት እንጨት አቁሞ ከቤት ውጭ የዶሮ ቆጥ መሥራት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ጢስ። የማገዶ ጢስ ሳንባን ያቆስላል፤ በቆሰለ ሳንባም ተሕዋስ ይገባል። እንጀራ ስትጋግሩ ልጁን አዝላችሁ በምድጃው አጠገብ አትቁሙ። ለማብሰያው ቤት መስኮት አውጡለት።

አጎበር። ልጁ በየሌሊቱ፥ በበጋም ቢሆን፥ በአጎበር ሥር ይተኛ። አጎበሩ የእህል መሸፈኛ ወይም የአጥር ማሰሪያ አይሁን። በደጅ የታቆረ ውሃ ይደፈን። ቤቱ ሲረጭም ግድግዳውን ወዲያው አትለቅልቁት፤ መድኀኒቱ ይሸፈናልና።

ቁስልና ገላ። ገላውን ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፤ ወዲያውም አድርቃችሁ አልብሱት። ትንሽ ጭረት እንኳ ቢሆን በውሃና በሳሙና ይታጠብ፥ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። እበት፥ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ በቁስል ላይ አይደረግ። ሲራመድም ጫማ ይልበስ።

8ኛ፤ ሊቀሩ የሚገባቸው ልማዶች

አባቶቻችን ለልጅ የሚያደርጉትን በፍቅር እንደሚያደርጉት እናውቃለን። ሆኖም ጎጂ የሆነውን ጎጂ ነው ማለት አለብን። ያበጠ ጣፊያን በጋለ ብረት መተኮስ ጣፊያውን አያሟሽሸውም፤ በቆዳ ላይ ቁስል ይከፍታል፤ በቁስሉም ተሕዋስ ይገባል። እንጥል ማስቆረጥ፥ የወተት ጥርስ መንቀልና ዋግምት እንዲሁ ናቸው። የጤነኛ ልጅ ጣፊያ ከዚህ የገባውን ተሕዋስ ሊያጣራ ይችል ይሆናል፤ የዚህ ልጅ ጣፊያ ግን አይችልም። ደሙም ራሱ ያነሰ ነው፤ አንድ ጠብታ እንኳ በከንቱ ሊፈስስ አይገባም።

በአደጋ ወይም በሕመም ምክንያት ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣ ልጅም በመንደራችሁ ካለ፥ ስለ ትኩሳትና ስለ ክትባት የተናገርነው ሁሉ ለእሱም ነው።

በቃል የሚያዙ ነገሮች

1. የማጭድ ደም በዘር ይወረሳል፤ አይተላለፍም፤ እናትም አባትም እኩል ያወርሱታል።

2. ይህ ልጅ ጣፊያው ስለማይሠራ ትኩሳቱ እስከ ነገ አይጠበቅም።

3. ወባ ቢገኝም ባይገኝም «የማጭድ ደም አለበት» ብላችሁ ካርዱን አሳዩ።

4. ክትባቱ በሳምንቱ፥ ፔኒሲሊኑ ጧትና ማታ፥ አጎበሩ በየሌሊቱ።

5. የታጠበ እጅ፥ ንጹሕ ውሃ፥ የፈላ ወተት፥ የበሰለ ሥጋና ዕንቁላል።

6. መተኮስ፥ እንጥል ማስቆረጥና ዋግምት ይቅሩ።

በዚህ ሕመም የተያዙ ልጆች ካደጉ፥ ክትባታቸውንና መድኀኒታቸውን ካገኙ፥ ተምረው፥ ሠርተው፥ ትዳር ይዘው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። እጅግ አስጊው ዘመን የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ናቸው። እነዚህን ዓመታት ልጁን ማሻገር የሐኪም ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ግንባሩን ዳስሳ «ተነሡ፥ እንሂድ» የምትለው እናት ሥራ ነው። ማንበብ የምትችሉ፥ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ በቡና ሰዓት አንብቡላቸው፤ አማርኛ ለማይሰሙትም በኦሮምኛ ተርጉሙላቸው።